አበልጃችን ዴኩን ሰንሩም ላድርግላችሁ ይለናል፤ እኔ ግን ልቤ አልፈቀደም

እንደምን ሰነበታችሁ፣

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን ነን። ቤቱን ከገዛነው ስድስት ዓመት ሆኖናል። አሮጌ ቤት ነው፣ ሁሉም ክፍል አንድ ወለል ላይ ነው፣ ከሥሩ ቤዝመንት አለው። ከኋላ ትልቅ የእንጨት ዴክ አለ። ግቢው ቁልቁለት ስለሆነ ዴኩ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው የቆመው። ያሠሩት ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ መቼ እንዳሠሩት አናውቅም።

ባለቤቴ አሁን ይሄን ዴክ በመስታወት ዘግቼ ሰንሩም አደርገዋለሁ ብሎ ተነሥቷል። ምክንያቱ እናቱ ናቸው። አማቴ አምና በጥቅምት መጥተው እስከ መጋቢት አብረውን ነበሩ። ብርዱ አልተስማማቸውም። ቀኑን ሙሉ ሳሎን ሶፋው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቴሌቪዥን ነበር የሚያዩት። "ፀሐዩን አየዋለሁ እንጂ አይነካኝም" ይሉ ነበር። ዘንድሮም ለገና ይመጣሉ።

እኔ ደግሞ ዴኩን እወደዋለሁ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና የማፈላው እዚያ ነው። ቤት ውስጥ ቡና ስቆላ አላርሙ ይጮሃል፣ ልጆቹ ጆሯቸውን ይይዛሉ። ሽንኩርት የማቁላላው፣ ቅቤ የማነጥረው እዚያው በትንሿ የጋዝ ምድጃ ነው፣ በብርዱ ጊዜ እንኳ ጃኬት ለብሼ። ጎረቤታችን የኤልሳልቫዶር ሴት ናት፣ ቡናው ሲሸታት በአጥሩ በኩል ትመጣለች፣ በእጅም በእግርም እናወራለን። ባለቤቴ "ቡናሽን እዚያው ሰንሩሙ ውስጥ ታፈያለሽ፣ ምን ይቀርብሻል?" ይለኛል።

ሥራውን እሠራለሁ ያለው ጓደኛው ነው፣ ትልቁን ልጃችንን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። ብዙ ዓመት ኮንስትራክሽን ሠርቷል። ዴኩን ወጥቶ እየረገጠ አየውና "ይሄ እኮ ጠንካራ ነው፣ እላዩ ላይ ግድግዳና ጣራ ማቆም ብቻ ነው፣ ለገና አደርስላችኋለሁ" አለ። ፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ) ስለው "ከጀርባ ነው፣ ማን ያየዋል" አለኝ። ዋጋው 24 ሺህ ዶላር ነው። ባለቤቴ የእቁብ 15 ሺህ ዶላር ደርሶታል፣ እሱን አንድ ጊዜ አውጥቶ ሊሰጠው ነው፤ የቀረውን በቤቱ ላይ ተበድረን እንከፍላለን ይላል።

የትንሹ ልጃችን መኝታ ቤት መስኮት ወደ ዴኩ ስለሚከፈት "ብርሃን ይቀርበታል" አልኩት፣ አልሰማኝም። ገንዘቡ ይበዛል ስለው "ለእናቴ ሲሆን ነው የሚበዛብሽ?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አናወራም። አበልጅን እንዴት እምቢ ይባላል? አማቴን የጠላሁ መስዬ መታየትም አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ውድ እህቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለባለቤትሽ የነገርሽው ገንዘቡ ይበዛል፣ የልጁ ክፍል ይጨልማል የሚለውን ነው። ለእኔ ግን የጻፍሽልኝ ስለ ቡናው፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ በአጥር በኩል ስለምትመጣው ጎረቤትሽ ነው። እሱ ይሄን ያውቃል? ዴኩ ሲዘጋ ልብሽ አረፍ የሚልበት ቦታ እንደሚዘጋብሽ በአፍሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ካልነገርሽው አይፈረድበትም። እሱ የሰማው ገንዘብ የሚለውን ቃል ነው፣ ገንዘብና እናት አንድ ላይ ሲነሡ ደግሞ ማንንም ሰው ሆድ ያስብሳል።

እሱም ቢሆን በልቡ ያለውን ሁሉ የነገረሽ አይመስለኝም። አማትሽ "አየዋለሁ እንጂ አይነካኝም" ያሉትን አንቺ እንደ ዋዛ ጽፈሽ አልፈሽዋል። ለልጅ ግን ከባድ ቃል ነው። አገር ቤት ጠዋት ደጅ ወጥተው ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ አላፊ አግዳሚውን እንደምን አደራችሁ እያሉ የኖሩ እናት ናቸው። ልጄ ዘንድ ሄድኩ ብለው መጥተው ብርዱን ሙሉ ሶፋ ላይ ተከናንበው ሲቀመጡ፣ እሱ ከሥራ ሲገባ እዚያው ቦታ ላይ ሲያገኛቸው፣ ምን እንደሚሰማው ገምቺ። እኔ እንደሚመስለኝ አምና ሊያደርግላቸው ያልቻለውን ዘንድሮ ሊክሳቸው ነው የሚፈልገው። ቸኩሎ ፐርሚቱንም ሂሳቡንም ያልፈዋል እንጂ ሐሳቡ ክፉ አይደለም፣ ያንቺም እንደዚያው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወሬያችሁ ስለ መስታወትና ስለ ዶላር ባይሆን ደስ ይለኛል። አንድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስለ እማማ ጀምሪለት። "አምና እንዴት እንደነበሩ አስታውሳለሁ፣ እኔም አንጀቴን በልተውኛል፣ ዘንድሮ እንዲያ እንዳይሆኑ ምን እናድርግ?" በይው። ይሄን ሲሰማ ልቡ ይለሰልሳል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ያንቺን ንገሪው፣ ሳታሳንሺው። "ዴኩ ለእኔ ይሄን ያህል ነው፣ ሲዘጋ ይከፋኛል" በይ። ለባል "ይከፋኛል" ማለት ነውር የለበትም።

ለመሆኑ እማማን የጠየቃቸው አለ? ስልክ ደውላችሁ "ዘንድሮ ሲመጡ ምን ቢኖር ደስ ይልዎታል?" በሏቸው። ምናልባት ፀሐይዋን ይሏችኋል። ምናልባት ደግሞ ቀን ቀን የሚያወራቸው ሰው፣ ወይም በሳምንት መሃል ኪዳን የሚያደርሳቸው ሰው ነው የናፈቃቸው። መልሳቸው ሌላ ከሆነ 24 ሺህ ዶላር የወጣበት ክፍል ውስጥም ብቻቸውን ነው የሚቀመጡት።

ፀሐይ ነው ካሉ ደግሞ አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፣ በደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁትም። ዴካችሁ ወዴት ነው የዞረው? በብርዱ ወራት እናንተ አካባቢ ፀሐይ ከደቡብ ምሥራቅ ወጥታ በደቡብ ዝቅ ብላ ዞራ በደቡብ ምዕራብ ትጠልቃለች። በታኅሣሥ አጭሯ ቀን እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ ወደ 28 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የምትለው። አዲስ አበባ በዚያው ቀን ከ57 ዲግሪ በላይ ትወጣለች። የቤታችሁ ጀርባ ወደ ሰሜን ከሆነ በእነዚያ ወራት ቀጥታ የፀሐይ ጨረር ዴኩ ላይ አይደርስም። ያኔ ሰንሩም ብላችሁ የምትሠሩት ቀዝቃዛ የመስታወት ክፍል ነው የሚሆነው። ወደ ደቡብ ከሆነም የጎረቤት ቤት ወይም ቅጠሉን የማይጥል ዛፍ ሊጋርደው ይችላል። ወደ ምዕራብ ከሆነ ደግሞ በሙቀቱ ወራት ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ ይግላል። በአንድ ጥርት ያለ ቀን ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት ዴኩ ላይ ወጥታችሁ ፀሐይዋ የት የት እንደምታርፍ እዩ። ምንም አያስወጣም፣ ግን ግማሹን ክርክራችሁን ሊፈታው ይችላል።

አሁን ወደ ዴኩ ልምጣ። ልብሽ አለመፍቀዱ እዚህ ላይ ትክክል ነው።

ዴክ የሚሠራው ለሰው፣ ለወንበርና ለጠረጴዛ ነው። በደንቡ መሠረት በአንድ ካሬ ፉት 40 ፓውንድ የሰውና የዕቃ ክብደት እንዲችል ተደርጎ ይሰላል። ግድግዳና ጣራ ሲመጣበት ሂሳቡ ሌላ ነው። መስታወት ይከብዳል። ጣራው ላይ ደግሞ በረዶ ይቆለላል፤ እናንተ ባላችሁበት ሞንጎምሪ ካውንቲ ውስጥ ለበረዶ የሚታሰበው ክብደት በካሬ ፉት 30 ፓውንድ ነው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2016 እዚያው አጠገባችሁ ቨርጂኒያ ያለው ደለስ (Dulles) አውሮፕላን ማረፊያ ከ29 ኢንች በላይ የወረደበትን በረዶ የሚያስታውስ ሰው ይሄ የወረቀት ቁጥር ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። እና ያ ሁሉ ክብደት በዴኩ ላይ እኩል አይበተንም። ከፊሉ ወደ ቤቱ ግድግዳ ይሄዳል፣ ከፊሉ ወደ ውጭኛው ጠርዝ ወርዶ በጥቂት ምሰሶዎች ላይ ያርፋል።

ምሰሶዎቹ የቆሙበት ኮንክሪት ደግሞ ምን ያህል እንደሚጠልቅ አበልጃችሁ ከላይ ቆሞ በመርገጥ ሊያውቀው አይችልም። እናንተ ካውንቲ ውስጥ መሠረት ቢያንስ 30 ኢንች መውረድ አለበት፣ ምክንያቱም በብርድ ጊዜ አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ መሬቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ክፍት ዴክ በዚህ የተነሣ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ማንም ልብ አይለውም። መስታወት የተገጠመበት ግድግዳ ግን ትንሽ ሲያዘነብል በሩ አልዘጋ ይላል፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል። ስድስት ዓመት ሰው ችሎ ቆሟል ማለት ጣራ ይችላል ማለት አይደለም።

ቅዳሜ አንቺና ባለቤትሽ ባትሪና ካቻቢቴ ይዛችሁ ከዴኩ ሥር ግቡ። አብራችሁ ግቡ፣ አንቺ ብቻሽን አይተሽ ብትነግሪው ሰበብ ፈለገች ይልሻል። ዴኩን ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚያያይዘውን ረጅሙን አግዳሚ እንጨት ፈልጉት። በወፋፍራም ብሎን ነው የታሰረው ወይስ በምስማር ብቻ? በምስማር ብቻ ከሆነ ለቡናሽም አያስተማምንም፣ ዴኮች ተገንጥለው የሚወድቁት ብዙውን ጊዜ በዚያ በኩል ነው። ምሰሶዎቹ አራት በአራት ቀጫጭኖቹ ናቸው ወይስ ስድስት በስድስት? እንጨቱ መሬት የሚነካበትንና ውሃ የሚያቁርበትን ቦታ በካቻቢቴው ጫፍ ጫን አድርጋችሁ ውጉት። ደህና እንጨት እምቢ ይላል። ካቻቢቴው ዘው ብሎ ከገባ ውስጡ በስብሷል። አግዳሚዎቹን የሚይዙት ብረቶች ዝገው እንደሆነም እዩ። ፎቶ አንሡ፣ ለኢንጂነሩ ይጠቅማል።

ኢንጂነሩ ያልኩት ስትራክቸራል ኢንጂነር ነው። መጥቶ አይቶ ይሄ ይችላል፣ ይሄ አይችልም፣ እንዲህ ይጠናከር ብሎ የሚጽፍላችሁ ሰው ነው። 24 ሺህ ከማፍሰሳችሁ በፊት ለእሱ ጥቂት መቶ ዶላር ብትከፍሉ የሚያስቆጭ አይደለም። ብዙ ጊዜ መልሱ አሮጌው ዴክ ፈርሶ በአዲስ መሠረት ላይ ይሠራ የሚል ነው፣ ያኔ ዋጋው ሌላ ይሆናል። ያንን ከመጀመሪያው ማወቁ ይሻላል፣ ቤቱ ተከፍቶ ግማሽ ላይ ቆሞ ከማወቅ።

አበልጃችሁን ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ይሄ 24 ሺህ ለየትኛው ዓይነት ክፍል ነው? ከብርዱ ወራት ውጭ የሚያገለግል፣ ወለሉና ጣራው ሙቀት መያዣ የሌለው ክፍል አለ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል፣ ወለሉ፣ ግድግዳውና ጣራው ሙቀት መያዣ የገባበት፣ መስታወቱ ድርብ የሆነ፣ የራሱ ማሞቂያ ያለው ክፍልም አለ። ሁለተኛው በጣም ይወደዳል። የመጀመሪያው ከሆነ በጥር ማታ ውስጡ ከውጭው ብዙም አይለይም፣ ቀንም ደመና ከሆነ ይቀዘቅዛል፣ እማማ ደግሞ የሚመጡት ለጥር ነው። ለእሳቸው ተብሎ የተሠራው ክፍል እሳቸው ሊቀመጡበት የማይችሉት እንዳይሆን።

ይሄን ደግሞ ልብ ብለሽ አንብቢልኝ። ባለቤትሽ "ቡናሽን እዚያው ታፈያለሽ" ያለሽ በቅንነት ነው። በከሰል ከሆነ ግን በፍጹም እንዳትስማሚ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። አይሸትም፣ አይታይም። ብዙዎቻችን ከሰሉ በደንብ ፍም ከሆነ፣ ጭሱ ካለቀ፣ ወደ ቤት ማስገባት ይቻላል ብለን ነው ያደግነው። አይቻልም። ፍም ሲሆን የሚያልቀው ጭሱ ነው፣ ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። አገር ቤት ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። የአሜሪካ ሰንሩም ደግሞ ብርድ እንዳያስገባ ተብሎ ጥርቅም ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ አየሩ የትም አይሄድም። ራስን ያማል፣ ያጥወለውላል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ እማማ ደከመኝ ብለው ጋደም ሲሉ ማንም አይጠረጥርም። ያቺ የጋዝ ምድጃሽም ለውጭ የተሠራች ከሆነች ለውስጥ አትሆንም። ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ መጣድ ይቻላል፣ ዕጣኑንም በኤሌክትሪክ ማጨሻ። መቁላቱ፣ ማቁላላቱ፣ ከሰሉ ግን ክፍት ቦታ ይፈልጋሉ። ቤታችሁ ውስጥ፣ መኝታ ቤቶቹ አካባቢ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ከሌለ ሰንሩሙ ቢሠራም ባይሠራም ዛሬውኑ ግዙ።

የልጅሽም መስኮት ነገር ከብርሃን ያለፈ ነው። መኝታ ቤት ውስጥ ያለ መስኮት እሳት ቢነሣ ልጁ የሚወጣበት ነው፤ ደንቡም ይሄ መውጫ በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲከፈት ያዛል። ዴኩ በመስታወት ሲዘጋ ያ መስኮት ወደ ሌላ ክፍል የሚከፈት ይሆናል። ይሄን ለባለቤትሽ ስትነግሪው በክርክር ድምፅ አይሁን። አባት ነው፣ ይገባዋል።

ፐርሚቱን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፣ ያስፈልጋል። ዊተን ያለው የሞንጎምሪ ካውንቲ የፈቃድ መሥሪያ ቤት ነው የሚሰጠው። ክፍት ዴክ ወደ አጥር ተጠግቶ መቆም በሚችልበት ቦታ ላይ የተዘጋ ክፍል ላይፈቀድ ይችላል፣ ምክንያቱም ሲዘጋ የቤቱ አካል ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። ወደ ካውንቲው የመረጃ ስልክ 311 ደውይ፣ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ አድራሻችሁን ስጪና አሮጌው ዴክ ራሱ በፈቃድ የተሠራ መሆኑንም ጠይቂ። ሰፈራችሁ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለው የእነሱም ፈቃድ ለብቻው ነው። ማን ያየዋል ላለው፣ ቤቱን የምትሸጡ ቀን የገዢው ኢንስፔክተር ያየዋል። ጉዳት ደርሶ ኢንሹራንስ ስትጠይቁም ሊያጣሩት ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ኢንስፔክተሩ የሚመጣው ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ውስጡን ሊያይላችሁ ነው። ለእናንተ ነው የሚያይላችሁ።

ገንዘቡንም እንየው። ሜሪላንድ ውስጥ የሰው ቤት የሚያሻሽል ሰው ከስቴቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል፣ ውሉም በጽሑፍ መሆን አለበት። ውል ሲፈረም የሚከፈል ቀብድ ደግሞ ከጠቅላላው ዋጋ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ሕጉ ይከለክላል። በ24 ሺህ ስናሰላው 8 ሺህ ዶላር ነው። ስለዚህ የእቁቡ 15 ሺህ አንድ ጊዜ አይወጣም፣ ጓደኛም ቢሆን። ላይሰንስ ያለው ሰው ሥራውን ቢያበላሽ ኮሚሽኑ ባለቤቶችን የሚክስበት ፈንድ አለ፣ እስከ 30 ሺህ ዶላር ይደርሳል። ላይሰንስ የሌለው ሰው ከሆነ ያ ፈንድ የለም። ከራሱ ከሰውየው ጋር ብቻ ነው የምትቀሩት፣ ልጃችሁን ክርስትና ካነሣው ሰው ጋር በገንዘብ መካሰስ ደግሞ ምን እንደሚመስል አስቢው። በቤቱ ላይ የምትበደሩት ብድር ወለዱ ከፍ ዝቅ የሚል ዓይነት መሆን አለመሆኑንም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

አበልጅን እምቢ ማለት ይከብዳል፣ እውነትሽን ነው። ግን እምቢ ማለት ላያስፈልግሽ ይችላል። ባለቤትሽ እንዲህ ቢለውስ፦ "ወንድሜ፣ አንተ ብትሠራልን ደስ ይለናል። እኛ ግን ያለ ፐርሚትና ያለ ውል ላለመሥራት ተስማምተናል። የላይሰንስ ቁጥርህን ስጠን፣ ኢንጂነር ይይልን፣ ከዚያ ዋጋህን ጽፈህ አምጣ።" ካለው ደስ ብሎት ያመጣል። ከሌለው ደግሞ ለእሱም ማሰብ ነው፣ ምክንያቱም ያለ ላይሰንስ መሥራት ሜሪላንድ ውስጥ ወንጀል ነው፣ የሚያስጠይቀውም እሱን ነው። ላይሰንስ ካለው ኮንትራክተር ጋር ተቀጥሮ ሊሠራው ይችላል፣ ወይም ሌሎች ዋጋ ሲያቀርቡ አብሯችሁ እንዲያይ ጠይቁት፣ ሙያውን ያውቃልና። ክብሩ አይነካም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ "ፐርሚቱን በእናንተ ስም አውጡት፣ እኔ እሠራለሁ" ካለ ኃላፊነቱ ወደ እናንተ ነው የሚዞረው። ይሄን ቃል ባለቤትሽ ነው ሊነግረው የሚገባው፣ ጓደኛው ነውና። አንቺ ከነገርሽው "ሚስቱ ከለከለችው" ነው የሚባለው። ሽማግሌ ለመጥራት ደግሞ ገና ነው፣ መጀመሪያ ሁለታችሁ አውሩበት።

እኔን ብትጠይቂኝ ዴኩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም። ትልቅ ነው ብለሻል። ፀሐይዋ በደንብ የምታርፍበትን አንዱን ወገን፣ ከልጁ መስኮት የራቀውን፣ ትንሽና ሞቅ ያለ ክፍል አድርጉት፤ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ከያዘ ለእማማ በቂ ነው። ሌላውን ክፍት ተዉት፣ ለረከቦትሽ፣ ለከሰሉ፣ ለጎረቤትሽ። ክፍሉ ሲያንስ መሠረቱም መስታወቱም ማሞቂያውም ያንሳል፣ ጥሩ አድርጎ ለማሠራት ያስችላል። ሙሉውን ከዘጋችሁት ደግሞ የዴኩ በር ያለበት የውስጠኛው ክፍል ብርሃኑ ይቀንሳል፣ አዲሱ ጣራ ይጋርደዋላ። ይሄንንም ብዙ ሰው የሚያየው ከተሠራ በኋላ ነው። ኢንጂነሩ ዴኩን አይቶ አይሆንም ካለ ግን ዘንድሮ እርሱት፣ እቁቡን አስቀምጡት፣ ለከርሞ ከመሠረቱ ጀምራችሁ አሠሩት።

ለገና መድረሱ ነገርስ? አይደርስም። ንድፍ፣ ፐርሚት፣ ቁፋሮ፣ ኢንስፔክሽን ተጨምሮበት ለገና ልድረስ የሚል ሰው አንዱን ዘሎ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ እማማ ዘንድሮ ሲመጡ ሰንሩም የለም ብላችሁ አስቡ፣ እና ምን ታደርጋላችሁ? ቤት ውስጥ በደቡብ በኩል ያለው ትልቁ መስኮት ወይም የመስታወት በር የቱ ነው? የብርዱ ወራት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትዞር በመስታወት አልፋ ወደ ቤት ውስጥ ርቃ ትገባለች፣ ደግሞም ታሞቃለች። ሶፋው ከዚያ ርቆ ከሆነ ነው አልነካኝም ያሉት። መስኮቱ ፊት ያለውን ዕቃ አንሡ፣ ምቹ ባለ መደገፊያ ወንበር አድርጉ፣ ቀን ቀን መጋረጃውን ገልጣችሁ ተዉት። ጥሩ ካፖርትና ሞቅ ያለ ጫማ ግዙላቸው። ፀሐይ በወጣች ቀን፣ ንፋስ ከሌለ፣ ዴኩ ላይ አንቺ ቡና ስትቆዪ አብረውሽ ይቀመጡ፣ አምና አውጥታችኋቸው ታውቃላችሁ? ብርዱን ፈርታችሁላቸው ይሆናል እንጂ ለአጭር ጊዜ በደንብ ተሸፍነው ቢወጡ የሚጠሉት አይመስለኝም። ያቺ የኤልሳልቫዶር ጎረቤትሽም ቋንቋቸውን ባትችልም ወዳጅ ትሆናቸዋለች።

ወንበሩን ባለቤትሽ ራሱ እንዲመርጥ ተይለት። ለእናቱ አንድ ነገር ማድረግ ነው የፈለገው፣ ይሄን በዚህ ሳምንት ሊያደርገው ይችላል። የዴኩን ነገር ደግሞ ቅዳሜ ከሥሩ ገብታችሁ ያያችሁትንና ኢንጂነሩ ያለውን ጻፊልኝ፣ የመኝታ ቤቱን መስኮትና ፀሐይ የምታርፍበትን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ የዴኩን ንድፍ በእጅ ሥላችሁ ብትልኩልኝ ክፍሉ የቱ ጋ ቢሆን እንደሚሻል ከአንድ የግንባታ ባለሙያ ጋር አይቼ እመልስልሻለሁ።